ቆባቸውን ያላወለቁት ጽዶች

ደባርቅ ውስጥ ታንጉትን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። መልኳን ባያውቅ እንኳ ዛፏን ያውቀዋል። ከከተማው ዳር ጀምሮ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የቆመው ጽድና ወይራ ግማሹ ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ይህን ብትሏት ግን ትቆጣለች። «እኔ አፈር አቀብላለሁ፤ የሚያበቅለው ሌላ ነው» ትላለች። እኔ አልጣሽ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት አፈር ነፍቻለሁ፤ ውኃ ተሸክሜያለሁ፤ ተጣልቻታለሁ፤ ታርቄያታለሁ። ስለ እሷ ማውራት የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ስለ እሷ ሲወራ አንገቱን መድፋት ያለበት ሰው ቢኖርም እኔው ነኝ። ለምን እንደሆነ አሁን ትሰሙታላችሁ።

የዳባት ልጅ ናት። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ለአንድ ዲያቆን ዳሯት። ዲያቆኑ ቅኔ አስመስክሬ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ጎጃም ተሻገረ፤ እስከ ዛሬ እየተማረ ነው። እንዲህ ስላት ትስቃለች፤ ያኔ ግን እንዳልሳቀች አውቃለሁ። ልጇን ማዕረግን አዝላ ደባርቅ የገባች ለት የሚያስጠጋት ሰው አጥታ ያደረችው ሚካኤል ቅጽር ውስጥ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ነው። በማግስቱ ችግኝ ጣቢያው አፈር የምትሸከም ሴት ሲፈልግ አገኘች። ያ ሸክም ይኸው የዕድሜ ልክ ሆነ። ጣቢያው ዛሬ የእኛ የሴቶች ማኅበር ነው፤ ከከተማው ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው ያለው።

ፊደል አልቆጠረችም፤ ዘር ግን ታነባለች። አንዷን ፍሬ በጥርሷ ቀጭ አድርጋ «ይህ ይበቅላል፣ ይህ ባዶ ነው» ስትል የእርሻ ባለሙያው እንኳ ማስታወሻውን አጥፎ ይሰማታል። ጣቶቿ ወፍራም ናቸው፤ ግን ከእኔ ቀጭን ጣቶች ይልቅ ገራገር ናቸው። እኔ ምን ላድርግ፣ ስፈጠር ችኩል ነኝ። እናቴም «ይህቺ ልጅ ስትወለድ እንኳ አዋላጅ አልጠበቀችም» ትል ነበር።

አምና ሐምሌ ላይ በነፋስና በዝናብ የሚካኤል ትልቁ ጽድ ወደቀ። ቅጽሩ ውስጥ ሌሎች ሁለት ጽዶች ቆመዋል፤ ግን ጽድ እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው። ሁለቱ ወንድ ናቸው፤ ፍሬ አያውቁም። ፍሬ የምትሰጠው የወደቀችው ብቻ ነበረች። አባ ተክለ ማርያም፣ የደብሩ አለቃ፣ ከቅርንጫፉ ላይ የተረፈውን ፍሬ በጣሳ ለቅመው ራሳቸው ወደ ጣቢያው ይዘው መጡ። «ታንጉት፣ ዘሯ ሳይጠፋ ልጅ አውጪላት» አሏት። ታንጉት ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ለእኔ እንኳ አላስነካችኝም። በአሸዋና በአመድ አሽታ ሥጋውን አወጣች፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈውን ደፋች፤ የቀረውን ቁስቋም በዋለ ማግስት፣ ኅዳር ሰባት ቀን፣ ለብቻው በተሠራ መደብ ላይ ዘራችው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የላትም። ጠዋት ስትመጣ መጀመሪያ የምትሄደው እዚያ ነው፤ ማታ የምትለየውም ከዚያ ነው። ለመደቡ የሣር ዳስ ሠራችለት። ውርጭ እንዳይነካው ማታ ማታ ገለባ አለበሰችው። «ይህ ካልወጣ ሌላ የለም፤ አልጣሽ፣ ሌላ የለም» ትለኝ ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ። እኔም «ሰማሁ እኮ! ደንቆሮ ነኝ እንዴ?» እላት ነበር።

ታኅሣሥ ዐሥራ ስምንት፣ ዓርብ ቀን፣ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። «ጎንደር ልሄድ ነው። ገብርኤልን ከማዕረግ ጋር ላክብር። ማክሰኞ እመለሳለሁ» አለች። ገረመኝ። ታንጉት ችግኝ ጥላ የትም አትሄድም። መደቡ አጠገብ ቁጭ ብላ አፈሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ተሰነጣጥቋል፤ ዛሬ ነገ ይወጣል። ጠዋትና ማታ ርጪለት። አደራ» አለች።

«እሺ» አልኩ።

እንግዲህ ቁጠሩ። ቅዳሜ ገብርኤል ነው። እሑድ ሰንበት ነው። ሰኞ ማርያም ናት። በእኛ አገር በነዚህ ቀናት አፈር የነካ ሰው ያገሩን ውርጭና በረዶ ሁሉ ይሸከማል፤ ጎረቤት «ያመጣችብን አልጣሽ ናት» ይላል። ደግሞም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በበዓል አጠጥተን አናውቅም፤ ችግኛችንም በበዓል ጠውልጎ አያውቅም። እኔማ ይህን ለሰው ሁሉ አወራዋለሁ። «እኛ በዓሉን እናከብራለን፤ ታቦቱ ያጠጣልናል» እላለሁ፤ ሰዎችም ከንፈራቸውን እየመጠጡ ይሰሙኛል። ስለዚህ ታንጉት «ጠዋትና ማታ» ስትለኝ ከበዓሉ ውጭ ማለቷ ነው ብዬ ገባኝ። ሦስቱንም ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ፤ ቤቴ ዋልኩ። ነፋሱ ከሊማሊሞ በኩል ሲነሣ በሬን ዘግቼ እሳት ሞቅኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ወረድኩ። ገለባውን ገለጥ አደረግሁ። ወጥተዋል! ክር የሚያህሉ ቀጫጭን አንገቶች፤ ቆጠርኳቸው፣ አርባ ሦስት። ግን እያንዳንዱ የወጣበትን የዘር ቅርፊት ራሱ ላይ እንደ ቆብ ደፍቶታል። ጽድ ሲወጣ ቆቡን ይዞ መውጣቱ ያለ ነው፤ አፈሩና አየሩ እርጥብ ከሆነ በሁለት ቀን ይለሰልስና ራሱ ወልቆ ይወድቃል። የእነዚህ ግን ሦስት ቀን ደረቅ ነፋስ ነፍሶበት እንደ ጥፍር ጠንክሯል። ቅጠሉ ውስጡ ታስሯል፤ አንገቱ እየተቆለመመ ነው። አፈሩን ስነካው ዱቄት ሆኗል። ወይ ጉዴ! ወይ ጉዴ አልጣሽ!

በዚያ ጊዜ የሚሻለው ውኃ አምጥቶ፣ ረጭቶ፣ ሰው መጠበቅ ነበር። አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ታንጉት እስክትመጣ ቆባቸውን አውልቄ አሳምሬ ልጠብቃት አልኩ። አንዱን በሁለት ጣት ያዝኩና ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። ቀጭ አለ። ቆቡም፣ ራሱም፣ ጣቴ ላይ ቀሩ፤ አንገቱ ባዶውን ቆመ። እጄ ጠንክሮ ነው ብዬ ሁለተኛውን ቀስ ብዬ ሞከርኩ። እሱም ቀጭ። ሲጨንቀኝ እጄ ማረፍ አያውቅም፤ አንዱን ካዳንኩ የበፊቱ ይካሳል እያልኩ ሰባት ቀጠፍኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመውም አላገኘሁ። ሰባቱን ራሶች ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ ያፈሰስኩትን ውኃ ብታዩ፣ አርባ ቀን ያልጠጣ ሰው የማጠጣ ይመስል ነበር።

ከቀትር በኋላ ታንጉት ከመንገዱ ስትወርድ አየሁ። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ከመጨነቄ የተነሣ አፌ ቀድሞኝ «ኧረ! ጎንደር ሦስት ቀን ውለሽ ዘፋኝ ሆነሽ መጣሽ?» አልኳት። አልሳቀችም። ቀጥ ብላ መጥታ መደቡ አጠገብ ተንበረከከችና መዳፏን እንደ ላባ አድርጋ በላያቸው አሳለፈች።

«ወጥተዋል» አለች። ፊቷ በራ። ቀጥሎ ጨለመ። «ቆባቸውን አላወለቁም። ... ይህ ደግሞ ራስ የለውም። ይህም። አልጣሽ፣ አጠጥተሽ ነበር?»

«አጠጥቻለሁ።»

«እነዚህንስ ምን ነካቸው?»

«ወፍ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ትንሽ ወፍ ናት። ቅርፊቱ እህል መስሏት ስትነቅል አየኋት። አባረርኳት።»

ወፍ እንዲህ ታደርጋለች፤ ውሸቱ ያማረው ለዚህ ነው። ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። ሄዳ ባዶ ጣሳና ዱላ አምጥታ መደቡ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አልተነሣችም። ቆብ የማውለቁን ሥራ እዚያው ጀመረች፤ እንዴት እንደምትሠራው በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ጣቷን በምላሷ ታርሳለች፤ ቅርፊቱን ታረጥባለች። «ውኃ ይንሸራተታል፤ ምራቅ ግን ይይዛል፤ ያለሰልሳል» አለችኝ። ከዚያ የባዘቶ ጥጥ እፍኝ አምጥታ፣ ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል እየቆነጠረች፣ በለብታ ውኃ ነክራ፣ በየራሳቸው ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት ጥጡን ታነሣና ሁለት አውራ ጣቶቿን በቅርፊቱ ግራና ቀኝ አድርጋ ትከፍተዋለች። ወደ ላይ አትስበውም፤ ወደ ጎን ትከፍተዋለች። እንቢ ካለ ትተወዋለች። «ያልፈቀደ አይገደድም» ትልና ጥጡን መልሳ ታለብሰዋለች። በአንድ ሰዓት ሦስቱን ብታወልቅ ነው። እኔ ቆሜ እያየሁ ኪሴ ውስጥ ያሉት ሰባት ራሶች ጭኔን የሚያቃጥሉት ይመስለኝ ነበር።

በመሃል በመሃል ጣሳውን ትመታለች። ቋ! ቋ! ወፍ የለም። ሰማዩ ባዶ ነው። ነፋሱ አቧራውን ፊቷ ላይ ይረጫል፤ ከመነጽሩ ሥር እንባ ይወርዳል፤ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።

«ሂጂ እረፊ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አልኳት።

«ያን ጊዜም የጠበቅሽው አንቺ ነበርሽ» አለች። በክፋት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ማዕረግ ናት፣ ከጎንደር።

«እትዬ አልጣሽ፣ እናቴ ስልኳን አታነሣም። ደህና ናት?»

«ደህና ናት። መደቡ ላይ ናት።»

«አቧራ ላይ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አልነገረችዎትም ማለት ነው። የመጣችው ለገብርኤል ብቻ አይደለም፤ ዐይኗን ልታሳይ ነው። ውስጡ ግፊት አለ አሏት። የግራው ጠፍቷል፤ በግራዋ አታይም። የቀኙ ትንሽ ቀርቶታል። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሠሩላት ቀጠሮ ይዘዋል። ይህ ካለፋት ሌላ ወረፋ እስኪደርሳት ወራት ነው፤ ዐይኗ እስከዚያ አይቆይም ብለዋል። በኅዳርም ቀጠሮ ነበራት፤ ጽድ ልዘራ ነው ብላ ቀረች። ትናንት ማታ ደውላ "ወፍ ችግኜን እየፈጀብኝ ነው፣ አልመጣም" አለችኝ። ምን ዓይነት ወፍ ናት እትዬ አልጣሽ? ሰው ለወፍ ዐይኑን ይሰጣል?»

ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ መዳሰስ፣ ያ መዳፍ በላያቸው ማሳለፍ፣ እኔ ሙያ የመሰለኝ! በዚህ ዓመት ሁሉን ነገር ስትዳስስ አይቻለሁ፤ ልብ አላልኩም። «ትመጣለች፤ እኔ እልካታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በቀጥታ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ሄድኩም። ግን ደርሼ ፊቷን ሳይ ምላሴ ታሰረ፤ የእኔ ምላስ! ደባርቅ ውስጥ የማይፈራው የለም፤ ያን ለት ግን ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ይልቅ ዘዴ ፈለግሁ። ቤት ሄጄ አሮጌ አጎበር አመጣሁና «ይህን እናልብሳቸው፤ ወፍ አይገባም፤ አንቺም ትሄጃለሽ» አልኳት። ዳሰሰችው። «ነፋሱ ሲጎትተው አንገታቸውን ይቆርጠዋል» አለች። እውነቷን ነው። «ማዕረግ ደውላልኝ ነበር፤ ዓርብ ቀጠሮ አለሽ አሉ» አልኩ። «ቀጠሮ ይመለሳል። ይህቺ ዛፍ አትመለስም» አለችና ጣሳውን መታች። ቋ!

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። ያን ቀን ምሳ አልቀመስኩም፤ በጾሙ ምክንያት እንዳይመስላችሁ።

ሐሙስ ተክለ ሃይማኖት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ቅዳሴው ሲወጣ አባ ተክለ ማርያምን ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ያዝኳቸው። የንስሐ አባቴ ናቸው።

«አባቴ፣ በበዓል ችግኝ ማጠጣት ኃጢአት ነው?»

አዩኝ። «ላም አለሽ?»

«አለችኝ።»

«በገብርኤል ዕለት አለብሻት?»

«አዎ። ጡቷ አብጦ ትሙት እንዴ?»

«ታዲያ ችግኙ ምን በደለ?» አሉ።

ያኔ ሁሉንም አፈሰስኩት። ሦስቱን ቀን፣ ሰባቱን ራስ፣ ወፏን፣ የታንጉትን ዐይን። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይፍታሽ እስኪሉኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ይህን ለእኔ ስትነግሪኝ የእሷ ዐይን ይድናል?» አሉኝ።

«አይድንም።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሩጪ እንጂ! የንስሐውን ነገር ስትመለሺ እንነጋገራለን።»

ከሚካኤል እስከ ወንዙ ቁልቁል ነው። በአምሳ ሦስት ዓመቴ እንዲያ እሮጣለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ታንጉት እዚያው ድንጋይ ላይ ናት።

«ታንጉት፣ ወፍ የለም» አልኳት፤ ትንፋሼ ሳይመለስ።

«አሁን ሄዳ ይሆናል።»

«ድሮም አልነበረችም። እኔ ነኝ። ሰባቱን የቀጠፍኳቸው እኔ ነኝ።»

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «በደረቁ?» አለች።

«በደረቁ።»

«ወደ ላይ?»

«ወደ ላይ።»

«ውኃስ?»

«አላጠጣሁም። ገብርኤል ነበር፣ ሰንበት ነበር፣ ማርያም ነበረች። እኛ በበዓል አጠጥተን አናውቅም ብዬ...»

«አልጣሽ» አለች፤ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በበዓል ማን ሲያጠጣ ኖረ መሰለሽ?»

«ታቦቱ» ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።

«ደወል ሳይደወል፣ ውኃውን ከጋቢዬ ሥር ይዤ፣ ሰው ሳያየኝ እመጣ ነበር። እንዳያሙኝ። አንቺ ግን የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ታቦቱ አጠጣልን እያልሽ ለሰው ስትነግሪ፣ ገመናዬን እየሸፈንሽልኝ መስሎኝ ነበር። በልቤ እንዴት አመሰግንሽ ነበር! አምኜሽ የሄድኩትም ለዚህ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅር በይኝ ልል እግሯ ላይ ስደፋ በእጇ ገፋችኝ። ታንጉት በሕይወቷ እንዲያ ስትቆጣኝ ያን ለት የመጀመሪያዋ ነው፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ሰባቱ ይሁን። ዘር ነው፤ ይሞታል። እኔም ስማር ስንቱን ገድያለሁ። ግን ሦስት ቀን እዚህ ነፋስ ላይ ቁጭ ስል እያየሽ ዝም አልሽ። ያለኝ ዐይን ትንሽ ነው አልጣሽ። እሱንም በሌለች ወፍ ላይ አፈጠጥኩበት።»

ጣሳውንና ዱላውን ከአጠገቧ አነሣሁ።

ተነሣች። ነጠላዋን አራገፈች። «እጅሽን ታጠቢና ነይ» አለችኝ። ጣቶቼን በጣቶቿ ውስጥ ይዛ አንዷን ችግኝ አስነካችኝ። ጥጡን አነሣን፤ አውራ ጣቶቼን ግራና ቀኝ አስቀመጠችልኝ፤ በራሷ ጣቶች ተጫነቻቸው። ቅርፊቷ እንደ ተቀቀለ ባቄላ ልጣጭ ለቀቅ አለች። ውስጧ ሁለት አረንጓዴ መርፌዎች ነበሩ። «ይህን ያህል ነው የምትጫኚው፤ ከዚህ በላይ አይደለም» አለች። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት «በዳባት፣ በኮሶዬ!» እያለ ይጣራል። ስትገባ ደህና ዋይ አላለችኝም።

ሠላሳ ስድስት ቀርተው ነበር። ዐሥራ አራቱን እሷ፣ አንዷን አብረን አውልቀናል። ሃያ አንዱ ቆባቸውን እንደደፉ በእኔ እጅ ቀሩ። እዚያው ጀመርኩ፤ በተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው «አልጣሽ! ዛሬ በዓል አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ነው» አልኩ፤ ጣቴን በምላሴ አርሼ ቀጠልኩ። ሹክሹክታቸውን ሰማሁ። ይበሉ።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ፍርሃቱ ሲብስ እጄን አነሣለሁ፤ ቁጭ ብዬ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ እንደገና እጀምራለሁ። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን መሥራት አቃተኝ፤ ዐይኗን አሁን ነኩት፣ አሁን ነኩት እያልኩ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ዓርብ አራት አወለቅሁ፤ አንዷ ቀጭ አለችብኝ። ስትሰበር ጮኼ አለቀስኩ። ቅዳሜ ስምንት። እሑድ በመጨረሻ የቀሩት ደረቆቹ ነበሩ፤ ሦስት ጊዜ ጥጥ ቀየርኩላቸው፤ ሁለቱ ውስጣቸው በስብሶ አገኘሁት። ከዓርቧ ጋር ሦስቱንም ኪሴ ውስጥ አልከተትኳቸውም። መደቡ ጠርዝ ላይ፣ ስትመጣ እጇ በሚያገኛቸው ቦታ፣ አስቀመጥኳቸው። የሰባቱንም ደረቅ ራሶች አጠገባቸው ደረደርኩ።

ማዕረግ በመሃል ደውላ «ሠርተውላታል» ብላኝ ነበር። ስለ ዐይኗ ስጠይቃት «መጥታ ትንገርዎት» አለችኝ። ድምፅዋ ምን እንደሚል ልለየው አልቻልኩም። በዚያ ሁለት ቀን ስንት ዓይነት ወሬ ለራሴ ፈጠርኩ!

ሰኞ፣ የገና ዋዜማ፣ ማዕረግ እናቷን በክንዷ ይዛ ከመንገዱ ወረደች። የታንጉት የቀኝ ዐይን በፋሻ ተሸፍኗል። ቆሜ ቀረሁ። ማዕረግ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻትና ፋሻውን ቀስ ብላ አነሣችላት፤ ጠብታ የምታደርግበት ሰዓት ነበር። ዐይኗ ቀልቷል፤ አብጧል። ጠብታው ሲገባ ፊቷን አጨፈገገች። ከዚያ አንገቷን ወደ መደቡ ዘንበል፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገች፤ ክር ልታስገባ የመርፌ ቀዳዳ እንደምትፈልግ ሴት።

«የቀረው ይቀራል አሉ» አለች፤ ለማንም እንደማትናገር። «ሦስቱን ቀን ነፋስና አቧራ ላይ ባትውዪ ትንሽ ሰፋ ያለ ይተርፍ ነበር ብለዋል።» ይህን ስትል እኔን አላየችኝም። ልታየኝ የምትችልበት መንገድም ጠባብ ነው።

እጇን ዘርግታ መደቡን ዳሰሰች። የተደረደሩትን ዐሥር ደረቅ ራሶች አገኘቻቸው፤ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ አፈሩ ዝቅ አደረገች፤ አፍንጫዋ ሊነካ ደርሶ ነበር።

«አንዷን አየኋት» አለች። «አረንጓዴ ናት። ክፍት ናት።»

ማዕረግ ፊቷን አዞረች። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

«ሌሎቹን አላያቸውም» አለች ታንጉት። «አልጣሽ፣ ነይ። አጠገቤ ቁጭ በይ። አንቺ እያየሽ አንድ በአንድ ንገሪኝ። እውነቱን ግን።»

ቁጭ አልኩ። እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠረግሁና ከመጀመሪያው መሥመር ጀመርኩ።

«የመጀመሪያዋ ደህና ናት» አልኳት። «ሁለተኛዋም ደህና ናት። ሦስተኛዋ ጠውልጋለች፤ የምትተርፍ አይመስለኝም።»

«ቀጥዪ» አለች።